ሰውየው ደግ ነው ክፉ? ልቦለድ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ግድግዳውን ያየ ሰው ደጉን ከክፉው ለመለየት አይቸገርም። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎቹ ግን በጎን ናቸው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳን ገና ከበሩ ይለያቸዋል።

ልቦለድ እንዲህ አይደለም። ጎበዝ ደራሲ ሰውየውን አንዴ በጎን፣ አንዴ በሙሉ ፊቱ እያዞረ ያሳየናል። እኛ ደግሞ ፒያሳ ቡና ይዘን «ደግ ነው!»፣ «ኧረ ክፉ ነው!» እያልን እንጨቃጨቃለን። ጭቅጭቁን እወደዋለሁ። ግን አንዳንድ ስህተቶች ሁልጊዜ ይደጋገማሉ። (የአስማት ተማሪውን ልጅ የሃሪ ፖተርን ታሪክ መጨረሻ ገና ያላወቃችሁ ካላችሁ ከታች ካሉት ነጥቦች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዝለሏቸው።)

1. በፊቱና በአንደበቱ መፍረድ

ፊቱ የማይፈታ፣ አንደበቱ የሚኮመጥጥ ሁሉ ክፉ አይደለም። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። አሁን የመጣው ስህተት ግልባጩ ነው። አንባቢው ነቄ ሆኗል፤ «ይሄ ሰውዬ ክፉነቱ በዛ፣ ስለዚህ ደግ መሆን አለበት» ይላል። ያም ቢሆን በፊት መፍረድ ነው።

2. በማን ዓይን እያየን እንደሆነ መርሳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሃሪ ፖተሩን መምህር ስኔፕን እንውሰድ። ታሪኩ ለሰባት መጻሕፍት ያህል የሚተረከው በአብዛኛው ከሃሪ አጠገብ ሆኖ ነው፤ ሃሪ ደግሞ ስኔፕን ይጠላዋል። በፈረንጆቹ 1997 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፍ ሃሪ አየር ላይ እያለ የሚበርበት መጥረጊያ ያብድበታል። ስኔፕ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያነበንብ ይታያል። ልጆቹ «ያዝነው!» አሉ። መጨረሻ ላይ ሲጣራ ስኔፕ ሲያነበንብ የነበረው ልጁን ለማዳን ነው። ሊገድለው የነበረው ያ የሚንተባተበው፣ አንጀት የሚበላው መምህር ክዊረል ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢው የተማረ ይመስላችኋል? በ2005 ስድስተኛው መጽሐፍ ወጣ። ስኔፕ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ዳምብልዶርን ሃሪ እያየ ገደለው። ሰባተኛው እስኪወጣ፣ እስከ ሐምሌ 2007 ድረስ፣ ዓለም ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ከረመ። ለካ እንዲገድለው ቀድሞ የለመነው ራሱ ዳምብልዶር ነው። ሃሪ ያየው ነገር አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ላይ ነው።

የአገር ሽማግሌ ምስክር ሲቀርብለት «ከተከሳሹ ጋር ቂም አለህ ወይ? የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ተራኪውንም እንዲሁ መጠየቅ ነው። ደራሲው ከገጸ ባሕሪው ልብ ውስጥ አንድም ቀን ካላስገባን፣ በሩን የዘጋው በምክንያት ነው።

3. «ከማን ወገን ነው?» እና «ደግ ነው ወይ?» የሚሉትን አንድ ማድረግ

ሰባተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ብዙ ሰው «ይኸው፣ ስኔፕ ደግ ነበር» ብሎ ክርክሩን ዘጋ። እኔ አልዘጋም። የተገለጠው ወገኑ ነው። ኔቪል የሚባለውን ምስኪን ልጅ ክፍል ውስጥ እያሸማቀቀ ያሰቃየው ሰውዬ ግን ያው ራሱ ነው፤ ያ ማስመሰል ነበር የሚል መጽሐፉ ውስጥ የለም። ለትክክለኛው ወገን ነፍሱን የሰጠ ሰው ቤቱ ውስጥ አረመኔ ሊሆን ይችላል። የከዳ ሰውም እንዲሁ፣ ርኅሩኅ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ስንጠይቅ ግማሹ ጭቅጭቅ ይረግባል።

4. ሥራውን በሚዛን መቁጠር

«ልጅቷን ከወንዝ አውጥቷታል እኮ!» ይላል አንዱ። «ሦስት ሰው ገድሎስ?» ይላል ሌላው። ይሄ ሚዛን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በተአምረ ማርያም የበላዔ ሰብን ታሪክ እየሰማን ነው ያደግነው። 78 ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ። ግን ልብ በሉ፤ ታሪኩ የሚናገረው ስለ ምሕረት ነው። ሰውየው ድሮም ደግ ነበር አላለም። እኛ ግን ልቦለድ ስናነብ አንድ መልካም ሥራ ካየን «ውስጡ ደግ ነው» ብለን ወደ ኋላ ሄደን ሁሉን እናጥብለታለን።

ከቁጥሩ ይልቅ ሁለት ነገር እዩ። ደግነቱ ምን አስከፈለው? ማንም ሳያየውስ ያደርገዋል? ወጪ የሌለው፣ ሰው ፊት ብቻ የሚደረግ ቸርነት ለክፉ ገጸ ባሕሪ ጥሩ ካባ ነው።

5. መንደሩ ባወጣለት ስም መጥራት

የፍቅር እስከ መቃብሩ ጉዱ ካሳ «እብድ» የተባለው በሰፈሩ ሰው ነው። የመንደሩን ሐሜት የደራሲ ፍርድ አድርጎ የሚወስድ አንባቢ የመጽሐፉን ጤነኛ ሰው ያጣዋል።

6. የታሪኩን ሰው በልቦለዱ ሰው ላይ መጫን

ጎንደር ውስጥ ይሄ ጨዋታ ያስኮርፋል። ቴዎድሮስ ገጸ ባሕሪ ሆኖ በተጻፈ ቁጥር አንዱ የመቅደላን ሞት አንስቶ «ጀግና ነው፣ አለቀ» ይላል። ሌላው በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ማስዘረፉንና ማቃጠሉን አንስቶ «ምን ዓይነት ደግ?» ይላል። ሁለቱም ስለ እውነተኛው ንጉሥ ነው የሚያወሩት። ልቦለዱን ግን ገና አልከፈቱትም። ደራሲው ቃጠሎውን አስገብቶታል ወይስ ዘሎታል? ካስገባው፣ ጭሱን የምናየው ከንጉሡ ድንኳን ነው ወይስ ቤቷ ከሚነድባት ሴት ደጅ? መገመት ከፈለጋችሁ ፍንጩ እዚያ ነው።

7. መጨረሻውን ቀድሞ መግለጥ

መልሱን ያየ ሰው ፍንጭ ሁሉ የተገለጠ ይመስለዋል፤ «ይሄማ ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል» ይላል። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ጓደኛ አለን። ቡናውን ይጠጣል እንጂ ድምፅ የለውም።