ጃፓንኛ ልትማሩ ነው? ሂራጋናን ቀድማችሁ ያዙ

ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ጃፓንኛ ልትማሩ ካሰባችሁ፣ ክፍል ሳይጀመር 46ቱን የሂራጋና ፊደላት፣ ማለትም የጃፓንኛን መሠረታዊ የድምፅ ፊደላት፣ ጨርሷቸው። በላቲን ፊደል መጻፍ ከለመዳችሁ በኋላ መላቀቁ መከራ ነው፤ እኔ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ፍዳዬን አይቻለሁ። ሀ ሁ ለቆጠረ ሰው ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ ባዳ አይደለም። ግሡም እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፦ «ሚዙ ኦ ኖሚማሱ» ማለት «ውሃ እጠጣለሁ» ነው፤ «ኦ»ን እንደ እኛዋ «ን» ቁጠሯት።

መጥበቅና መላላቱን ግን ልብ በሉ። «ኪቴ» ሲላላ «ና» ነው፣ ሲጠብቅ ቴምብር! ልክ እንደ ገና በዓልና «ገና ነኝ»። ደግነቱ እነሱ ከሚጠብቀው ፊት ትንሿን «ጹ» ያስቀምጣሉ።

ካንጂው (ከቻይንኛ የተወሰዱት ትርጉም ያዘል ምልክቶች)? ለዕለት ተዕለት የተመደቡት ብቻ 2136 ናቸው፤ በቀን አምስት አምስት፣ በእጅ እየጻፋችሁ።