ከቦሌ እስከ ኮምቦልቻ፦ የበረራ ርቀትና ሰዓት በካልኩሌተር እንዴት ይሰላል?

ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 401 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ይዞ የበረራ ሰዓት ማስላት ግን ያሳስታል፤ አውሮፕላን የጣርማበርን ጥምዝ አይወጣም። በዚያ ላይ የደሴ መንገደኛ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፤ ኤርፖርቱ በትኬት ላይ ዲ.ኤስ.ኢ. በሚል ኮድ ይታያል።

1. የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ (በሰሜን-ደቡብና በምሥራቅ-ምዕራብ ያሉበትን ልክ) ያውጡ። ቦሌ 8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ ምሥራቅ ነው። ኮምቦልቻ 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ምሥራቅ።

2. ደቂቃውን (እዚህ የዲግሪ አንድ ስድሳኛ እንጂ የሰዓት ደቂቃ አይደለም) ለ60 አካፍለው ወደ ዲግሪ ይለውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 39 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ማለት 39.72 እንጂ 39.43 አይደለም። እንዲሁ ነጥብ አስገብተው ከጻፉት ኮምቦልቻን 31 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ወስደው ተራራ ላይ ያስቀምጡታል።

3. ልዩነቱን ወደ ኪሎ ሜትር ይቀይሩ። የኬክሮስ ልዩነት 2.1 ዲግሪ ነው፤ በ111 ሲባዛ 233 ይሆናል። የኬንትሮስ ልዩነት 0.917 ነው፤ በእኛ አካባቢ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 109.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 100 ይመጣል። ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ይህ 109.5 እያነሰ ይሄዳል፤ ለሩቅ አገር እንዳለ አይውሰዱት።

4. ሁለቱንም በየራሳቸው አባዝተው ይደምሩ፤ ከዚያ የካልኩሌተሩን የስኩዌር ሩት ምልክት ይጫኑ። መልሱ 254 ኪሎ ሜትር ነው። በአውሮፕላንና በመርከብ ጉዞ መለኪያው በኖቲካል ማይል ከፈለጉ ለ1.852 ያካፍሉ፤ 137 ይሆናል።

ሰዓቱስ? በአገር ውስጥ መስመር በአብዛኛው የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 አውሮፕላን ስለሆነ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይያዙ። 254 ለ600 ሲካፈል 25 ደቂቃ ነው። ለመንደርደር፣ ለመውጣት፣ ለመውረድና መሬት ላይ ለመሄድ 30 ደቂቃ ሲጨምሩ 55 ይሆናል። በአጭር በረራ ጊዜውን የሚበላው ርቀቱ ሳይሆን ይህ 30 ደቂቃ ነው። ላሊበላ ከቦሌ 332 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከኮምቦልቻ በ78 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቢሆንም ስሌቱ የሚጨምረው 8 ደቂቃ ብቻ ነው። ነፋስም ያን ያህል አይለውጠውም፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚገፋ ነፋስ ከፊት ቢመጣ የሚያዘገየው 3 ደቂቃ ገደማ ነው። ክረምት ላይ ደመና ዝቅ ብሎ አውሮፕላኑ እንዳያርፍ ከከለከለ ግን ስሌቱን ይርሱት።

ደሴ ቤትዎ የሚደርሱበትን ሰዓት ለማወቅ ቦሌ 2 ሰዓት ቀድሞ መገኘትን፣ ሻንጣ መጠበቅን፣ ከዚያም የሐረጎን 25 ኪሎ ሜትር ዳገት በሚኒባስ ይደምሩ። ከ4 ሰዓት በላይ ይመጣል።

ትኬት ላይ 07:00 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ 7 ሰዓት ብሎ የተነሳ አውሮፕላኑን አያገኘውም። ከቦሌ ወደ ውጭ የሚቀጥሉ ከሆነ ጅዳ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ነው፤ ዱባይ ግን በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ሲሄዱ በመነሻና በመድረሻ መካከል ከሚታየው ልዩነት 1 ሰዓት ይቀንሱ፤ ሲመለሱ 1 ይጨምሩ።