በአንዱ ደም ሥር ፋንታ ሁለት፦ የሬቲናን ደም ሥሮች በኮምፒውተር ስትለኩ

መጀመሪያ የለካሁት የሬቲና (ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ምስል ላይ ኮምፒውተሩ አንዱን ወፍራም ደም ቅዳ ሁለት ቀጫጭን ሥሮች አድርጎ ቆጠረልኝ። ቁጥሩ ንጹሕ ስለሚመስል ሁለት ቀን ሙሉ አምኜው ነበር።

ለመለማመድ ድራይቭ (DRIVE) የተባለውን የሬቲና ምስል ስብስብ ውሰዱ። ኔዘርላንድስ ውስጥ በተካሄደ የስኳር ሕመምተኞች የዓይን ምርመራ የተነሡ 40 ፎቶግራፎች ናቸው፤ ሥሮቹን ሰዎች በእጃቸው ለይተው ስለሣሏቸው የምታመሳክሩበት አላችሁ። ለሥራው ፊጂ (Fiji) የተባለው ነጻ የምስል መተንተኛ ሶፍትዌር ይበቃል።

ቀለማቱን ለያዩና አረንጓዴውን ብቻ አስቀሩ፤ ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ ሥሮቹ ጠቁረው የሚወጡት እዚያ ላይ ነው። የፊጂ ማጣሪያ የሚፈልገው ብሩህ ቱቦ ነውና ጥቁሩን ወደ ነጭ ገልብጡ። ከዚያ ቱቦ መሰል ቅርጾችን የሚያጎላውን የፍራንጊን ማጣሪያ አሳልፉበትና የብሩህነት ወሰን አበጅታችሁ ምስሉን ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርጉት።

እኔን ያሳሳተኝ እዚህ ነው። የደም ቅዳ ግድግዳ ብርሃን ስለሚመልስ በሥሩ መሐል ነጭ መስመር ይታያል። ማጣሪያውን ለቀጭን ሥር ብቻ ካዘጋጃችሁት መስመሩን ድንበር ያደርገውና ሥሩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ለቀጭኑም ለወፍራሙም የሚስማሙ በርካታ መጠኖችን ስጡት። የቀረውን ክፍተት ሙሉት፤ ነገር ግን ትንንሹን ብቻ! ሁሉንም እንዲሞላ ካዘዛችሁት ሥሮች ተገናኝተው የከበቡትን ባዶ ቦታ ጭምር ይደፍነዋል።

አሁን የየሥሩን መሐል መስመር አውጡ። ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ስፋቱ ነው። የምትለኩት ከዓይን ነርቭ ክብ (ነርቩ ከዓይን የሚወጣበት ክብ ቦታ) ጠርዝ የክቡን ስፋት ግማሽ ያህል ርቃችሁ፣ አንድ ሙሉ ስፋት እስኪሞላ ድረስ ባለው ቀለበት ውስጥ ነው፤ መጋጠሚያና መሻገሪያ ላይ አትለኩ። የዓይን ርዝመት ምስሉን ስለሚያሳድገውና ስለሚያሳንሰው፣ ከማይክሮሜትር ይልቅ የደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ያለውን ምጣኔ እመርጣለሁ፤ በጤነኛ ዓይን 2 ለ 3 ገደማ ነው።

በመጨረሻ አሥር ቦታ መርጣችሁ በሥሩ ላይ አግድም መስመር በእጃችሁ ሣሉ፤ የጥቁረቱን ግራፍ አውጥታችሁ በግማሽ ጥልቀቱ ላይ ስፋቱን ለኩ። ስምንት ፒክስል በሚሰፋ ሥር ላይ የአንድ ፒክስል ስሕተት 12.5 በመቶ ነው፤ የደም ግፊት የሚያመጣው መጥበብ በዚያ ውስጥ ሊሰወር ይችላል። በእጃችሁ የለካችሁት ከኮምፒውተሩ ልኬት ያለው ልዩነት ከአንድ ፒክስል ከበለጠ ቁጥሩን ለሐኪም አታሳዩ፤ ጥቁሩን ከነጭ ወደ ለያችሁበት ወሰን ተመለሱ።