ከጅማ መጥታችሁ አሜሪካ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ

አስተርጓሚ አይከፈልበትም። አዲስ የገባ ሰው ሁሉ ይህንኑ ስለሚጠይቅ ከሁሉ በፊት ይባል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ፣ ማለትም አብዛኛው፣ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ያስገድዱታል። ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ በዕለቱ ከጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ የሚደርሳችሁ በስልክ የሚያስተረጉም ነው። በስልክ ያለ ሰው ደግሞ ራስ መነቅነቃችሁን ስለማያይ ሁሉንም በአፍ ተናገሩ።

ልጃችሁን አታስተርጉሙት። ሕጉ ከድንገተኛ አደጋ በቀር አይፈቅድም፤ ልጁም ያሳፈረውን ይዘላል፣ ያልገባውን ይገምታል። ዘመድም ቢሆን ‘እንዳትደነግጥ’ ብሎ ክፉውን ውጤት ያለሳልሳል።

ፎርሙ ላይ ከኢትዮጵያ መምጣታችሁ ብቻ ታይቶ አማርኛ ሊሞላ ይችላል። ጅማ ላይ አማርኛን ለገበያና ለቢሮ፣ ኦሮምኛን ለቤት የምትናገር እናት ሕመሟን በደንብ የምታስረዳው በቤቷ ቋንቋ ነውና እሱ ይጻፍላት። የመጣው አስተርጓሚ አነጋገሩ የሐረርጌ ወይም የቦረና ሆኖ ካልተግባባችሁ ‘ይቀየርልኝ’ በሉ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር፦ ሰዓት። ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው ‘ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳትቀምስ’ ሊባል ይችላል። እነሱ እኩለ ሌሊትን ነው የሚሉት፤ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ከጅማ የመጣ ሰው ግን የንጋቱን 12 ይሰማና ሱሁር እንደሚበላ ሰው ጎህ ሳይቀድ ይበላል። ማደንዘዣ ሲሰጠው በሆዱ ያለው ምግብ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ይህ ሰው ይገድላል። መብላታችሁን ከተናገራችሁ ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ተናገሩ፣ ይተላለፍ። አንዳንዱ አስተርጓሚ ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሰዋል፣ አንዳንዱ እንዳለ ያስተላልፈዋል፤ እናንተ በላዩ ስትመልሱት እንደገና 6 ሰዓት ይዛባል። ስለዚህ በቃል የተነገረ ሰዓት አትቀበሉ። ኤኤም (ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር) ወይም ፒኤም (ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት) ተጨምሮበት በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ የስልካችሁን ማንቂያ እዚያው ሞልታችሁ ለነርሷ አሳዩ። የመድኃኒት ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ ‘በየ12 ሰዓቱ’ ማለት በቀን ሁለት ጊዜ እንጂ 12 ሰዓት ሲሆን ማለት አይደለም።

የቀን አቆጣጠሩም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። በልጁ የክትባት ካርድ ላይ 12/3/2014 ካለ ኅዳር 12 ነው፤ በእነሱ ኖቬምበር 21 ቀን 2021። አሜሪካኖቹ ወርን ስለሚያስቀድሙ ዲሴምበር 3 ቀን 2014 ብለው ያነቡታል፤ ልጁ ከመወለዱ በፊት የተከተበ ይመስልና ክትባቱ ሊደገም ይችላል። ካርዱን ከማስረከባችሁ በፊት የተቀየረውን ቀን ከጎኑ በሌላ ወረቀት ጻፉ።

ሐኪሙ ‘አንተስ ምን ትመርጣለህ?’ ቢል ዕውቀት ጎድሎት አይደለም፤ ውሳኔው የበሽተኛው ስለሆነ ነው። ሳይገባችሁ ‘እሺ’ ካላችሁ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ‘የነገርኩህን መልሰህ ንገረኝ’ ሲልም እየፈተናችሁ አይደለም፣ የራሱን አገላለጽ እያረጋገጠ ነው። ባይጠይቅም እናንተው መልሳችሁ ንገሩት።

ጫት የምትቅሙ ከሆነ ተናገሩ። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ይህን ማወቅ አለበት። በአሜሪካ የተከለከለ መሆኑ ያስፈራል፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን ለመክሰስ ሳይሆን ለማከም ነው። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት ይነገር። የረመዳንን ጾም የምትጾሙ የስኳር ሕመምተኞች ጾሙ ሳይገባ ከሐኪማችሁ ጋር ሆናችሁ የመድኃኒት መጠናችሁን አስተካክሉ።

ከአገር ያመጣችሁት ፓራሲታሞልና እዚህ የሚሸጠው ታይሌኖል አንድ መድኃኒት ናቸው፤ በብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥም አለ። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ጣሪያው 4,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ500ው 8 ፍሬ ነው፤ ሲደራረብ ጉበት ያጠፋል።

ገና ጅማ ያላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ከምትታከሙበት ሆስፒታል የሕመማችሁን ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ አጽፉ። መድኃኒቱ በንግድ ስሙ (እንደ ታይሌኖል) ሳይሆን በዋና ስሙ (እንደ ፓራሲታሞል)፣ ከነሚሊ ግራሙ ይጻፍ። ኮፒውን በእጅ ሻንጣ ያዙ።