የድሮ የኪስ ኮምፓስ ሲያስቸግር

ከመርካቶ የገዛችሁት የናስ ኮምፓስ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አልታዘዝ ሲላችሁ ወዲያው አትፍቱት። ቁጥሮቹና ቀስቱ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም የተቀባ ከሆነ ጭራሽ አትክፈቱት። ብዙ የጦርነት ጊዜ ኮምፓሶች ቀለማቸው ውስጥ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለባቸው። ቀለሙ በጨለማ ማብራቱን ቢያቆምም የራዲየሙ ጨረር በግማሽ የሚቀንሰው በ1,600 ዓመት ነው፤ ብናኙ ሳንባ ይገባል።

ደቡቡ ጫፍ አዘንብሎ ሰሌዳውን ይነካል

ብዙ ደህና ኮምፓስ «ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ ሲሸጥ ሳይ በጣም ይቆጨኛል። እንግሊዝ አገር የምድር መግነጢስ የመርፌውን ሰሜን ጫፍ አጥብቆ ወደ መሬት ስለሚስበው፣ ሠሪዎቹ ሚዛን ለመጠበቅ ደቡቡን ያከብዱታል። አዲስ አበባ ግን ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ናት። እዚህ ወደ ታች የሚስበው ኃይል ከቁጥር አይገባም፤ የተጨመረው ክብደት ብቻውን ደቡቡን ይጎትታል።

መፍትሄው፦ ደቡቡ ክንድ ላይ የተጠመጠመች ቀጭን ሽቦ ካለች በስቴኪኒ ትንሽ ወደ መሃል ግፏት። ከሌለች ሰሜኑ ክንድ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሰም ለጥፉ። እኔ ከጧፍ ነው የወሰድኩት፤ መጀመሪያ አብዝቼው ሰሜኑ ስለወደቀ ግማሹን አነሳሁለት። የብረት ወረንጦ መርፌውን ስለሚስብ አትጠቀሙ።

መርፌው ይንቀራፈፋል፣ በየጊዜው ሌላ ቦታ ይቆማል

ሚስማር አስጠግታችሁ መርፌውን ከግራ፣ ቀጥሎም ከቀኝ አንቀሳቅሱትና ሚስማሩን አርቁ። ሁለቴም እዚያው ዲግሪ ላይ ካልተመለሰ መርፌው የሚሽከረከርበት ሹል ደንዝዟል። ሳይቆለፍ በኪስ የዞረ ሁሉ እንዲህ ይሆናል። በደቃቅ ሞረድ እንዲያሾልላችሁ ለጎበዝ ሰዓት ሰሪ ስጡት። ዘይት ግን እንዳይነካው፤ አቧራ ይሰበስባል።

ሰሜንን ደቡብ ይላል

ስፒከር ወይም ሌላ ማግኔት አጠገብ ከርሞ ዋልታው ተገልብጧል። የደህና ኮምፓስ ሰሜን ጫፍ የሚስበውን የማግኔት ጎን ለዩ። መርፌውን ቆልፉና በዚያ ጎን ከመሃል የሰሜን ምልክት ወዳለበት ጫፍ ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ደጋግማችሁ በመስታወቱ ላይ ጎትቱ።

ሰሌዳው ላይ ያለው «ኦ» (O) ፊደል ግራ ያጋባል

በጣሊያኑና በፈረንሳዩ ምዕራብ ነው፤ በጀርመኑ ምሥራቅ።

እንጦጦ ላይ ከካርታው ጋር አይገጥምም

የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ አታስቀምጡት፤ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ከመኪናና ከቆርቆሮ ቤት ርቃችሁ ደግማችሁ ለኩ።