“ማቆም አቃተኝ” ብሎ መናገር፦ ለወሲብ ሱስ የምክር እርዳታ እንዴት ይገኛል?

አንድ ወዳጄን ይዤው ወደ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ስንደርስ የምትመዘግበው ልጅ ቀና ብላ “ምንህን ነው የሚያምህ?” አለችው። ከኋላችን ረጅም ሰልፍ አለ። ልጅ ያዘሉ እናት ጀርባዬ ላይ ተለጥፈው ቆመዋል። ወዳጄ ዞር ብሎ አየኝና “ራሴን ያመኛል” አላት። ጠቅላላ ሐኪም አየው፣ ማስታገሻ ታዘዘለት፣ ወደ ቤታችን ተመለስን። ደግሞ ለመሄድ ወኔ እስኪያገኝ አራት ወር ፈጀበት።

ይህን የምጽፈው ያቺን መስኮት እያሰብኩ ነው። የገንዘብና የቦታ ችግር አለ፣ አይካድም። ከዚያ በፊት ግን የቃል ችግር አለ። በአማርኛ ስለ ወሲብ ስናወራ ወይ ስድብ ነው ወይ ተግሳጽ ነው። ሐኪም ፊት ቁጭ ብለህ በእርጋታ የምትናገርበት ቃል ማንም አላስተማረህም። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” እየተባልን አድገን፣ ይህኛውን በሽታ በምን ስም እንደምንጠራው ግን አልተነገረንም።

አንተ እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው። ሴቶችም ይህ ችግር ይገጥማቸዋል፣ እንዲያውም ለማን እንደሚነግሩት የበለጠ ይጨንቃቸዋል። እህቴ፣ ይህ ለአንቺም ነው።

1. መጀመሪያ ችግሩ ይህ መሆኑን አጣራ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ፣ መቆጣጠር ያቃተ የወሲብ ባህሪ ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። ሱስ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ባለሙያዎች መሃል አሁንም አላበቃም። ድርጅቱ ያስቀመጠው ግፊትን መቆጣጠር ከማቃት ችግሮች ጋር ነው። ለአንተ ስሙ ብዙ ለውጥ የለውም፣ “የወሲብ ሱስ” ብትል ሁሉም ይገባዋል።

ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ሕይወትህ በዚያ ዙሪያ መሽከርከር ጀምሯል፤ ሥራህን፣ ጤናህን፣ ቤተሰብህን እየረሳህ ነው። ደጋግመህ ለማቆም ሞክረህ አልሆነልህም። ጉዳቱን እያየህ ትቀጥላለህ፤ ደስታውም ከጠፋ ቆይቷል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወርና ከዚያ በላይ የዘለቀ ነው። የሌሊት ፓኬጅ ገዝተህ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ፖርኖ ስታይ አድረህ፣ ጠዋት ሥራ ቦታ ዓይንህ ቀልቶ ተቀምጠህ፣ ማታውን ደግሞ ያንኑ ፓኬጅ የምትገዛ ከሆነ ስለምን እንደማወራ ይገባሃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የፍላጎት መብዛት ብቻውን በሽታ አይደለም። ጭንቀቱ በሙሉ “ኃጢአት ሠራሁ” ከሚል ስሜት ብቻ የመጣ ከሆነም ይህ ምርመራ አይሰጥም። በወር አንዴ ግለ ወሲብ ፈጽሞ ሳምንት ሙሉ የሚያለቅስ ሰው አለ፤ ሊረዳ ይገባዋል፣ ግን የሚረዳው ስለ ጥፋተኝነት ስሜቱ በመነጋገር ነው። ልዩነቱን ባለሙያ ይለይልህ።

ሌላም አለ። ነገሩ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ከእሱ ጋር እንቅልፍ ካላስፈለገህ፣ ወሬህ ከፈጠነ፣ ገንዘብ መበተን ከጀመርክ ቀጠሮ አትጠብቅ። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላልና በቶሎ ሳይካትሪስት ይይህ። አንዳንድ የፓርኪንሰን መድኃኒቶችም እንዲህ ያለ ባህሪ ያመጣሉ። አባትህ መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ጠባያቸው ከተለወጠ ለሐኪማቸው ንገሩት እንጂ አትፍረዱባቸው።

2. ለሁለት ሳምንት ጻፍ

ትንሽ ደብተር ያዝ። መቼ፣ የት፣ ከዚያ በፊት ምን ተሰማህ፣ ምን ጠጥተህ ወይም ቅመህ ነበር፤ ይህችው ትበቃለች። ሰው እንዳያነብህ ከፈራህ ዋናውን ነገር በአንዲት ምልክት ተካት። ወዳጄ ኮከብ ነበር የሚያደርገው። አንዱን ገጽ አሳይቶኛል፦ “ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ ከጫት በኋላ፣ ብቻዬን፣ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ፣ ኮከብ።” ከታች ሐሙስ፣ ደግሞ ጫት፣ ደግሞ ብቻውን፣ ደግሞ ኮከብ። ስድስት ዓመት “እኔ እኮ ፍላጎቴ ከሰው የተለየ ነው” ሲል የኖረ ሰው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከኮከቦቹ አብዛኞቹ ከምርቃና በኋላ መሆናቸውን በገዛ እጁ ጽፎ አየው። ለባለሙያው ይዞ የገባው ትልቁ ነገር ያ ደብተር ነበር።

3. የምትናገረውን አዘጋጅ

እኔ ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለው ይህን ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስፈልጉሃል፣ አንዱ ለመስኮቱ አንዱ ለክፍሉ።

ለመስኮቱ፦ “ሳይካትሪ ክፍል ነው የምፈልገው።” አለቀ። ለመዝጋቢዋ ዝርዝር የመናገር ግዴታ የለብህም። ወዳጄ በሁለተኛው ዙር ታክሲ ውስጥ ሲለማመዳት ሄዶ መስኮቱ ጋ እንደደረሰ ይህችኑ አላት። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል ካርዱን ጽፋ “በቀኝ በኩል፣ ሁለተኛው በር” አለችው። ከኋላችን ያለው ሰልፍም ዞር ብሎ አላየውም።

ለክፍሉ፦ “ከወሲብ ጋር የተያያዘ ማቆም ያቃተኝ ልማድ አለኝ። ከጀመረኝ ይህን ያህል ዓመት ሆኖኛል። ይህንና ይህን አበላሽቶብኛል።” ልማዱ ምን እንደሆነም በስሙ ጥራው፦ ፖርኖ፣ ግለ ወሲብ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር መተኛት፣ ገንዘብ ከፍሎ መሄድ። “ያ ነገር” እያልክ ከዞርክበት ባለሙያውም አብሮህ ይዞራል፣ ሰዓቱም ያልቃል። ቤትህ በር ዘግተህ ድምፅህን አውጥተህ ሦስት አራት ጊዜ በለው። መጀመሪያ ጉሮሮህ ይዘጋል፤ አራተኛው ላይ ተራ ቃል ይሆናል። አፍህ እምቢ ካለ ወረቀት ላይ ጽፈህ “ይህን ያንብቡልኝ” ብለህ ስጥ። አያሳፍርም፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል።

4. የት ልሂድ?

አዲስ አበባ ከሆንክ የአእምሮ ሕክምና ከሚሰጡት የመንግሥት ሆስፒታሎች መሃል አማኑኤል፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ ውጪ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ። በጤና መድን የምትታከም ከሆነ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያህ ሪፈር አጽፍ፣ አለዚያ ካርድ ክፍል ላይ ይመልሱሃል። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንክ ግቢህ ውስጥ የምክር አገልግሎት መኖሩን ጠይቅ።

ስለ አማኑኤል አንድ ነገር ልበል። ሰፈር ውስጥ “አማኑኤል ይግባ” ስድብ ሆኖ ስለኖረ በዚያ በር ሲገባ የሚሞት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግን እዚያ ተመላላሽ ክፍል ቁጭ ብለው ተራ ከሚጠብቁት ውስጥ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ መምህርት አለች፣ ሾፌር አለ። እንደ አንተው በጠዋት ተነስቶ መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው ነው።

ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል። የግል ሳይኮሎጂስት ከመረጥክ ክፍያ ከመፈጸምህ በፊት በስልክ ጠይቀው፦ ትምህርትዎ ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው አክመው ያውቃሉ? በምን ዘዴ? አንድ ቀጠሮ ስንት ነው? ሚስጥሬን የሚያውቀው ማን ነው? ሴት ባለሙያ የምትፈልጊ ከሆነ ያለ ምንም ማፈር ጠይቂ።

“በአንድ ሳምንት አድንሃለሁ” ያለህን ተወው። ለሕክምናው የማይጠቅም ዝርዝር እየቆፈረ የሚጠይቅህን ተወው። ሊነካህ የሚሞክር ካለ ተነስተህ ውጣ። “አግባና ይለቅሃል” የሚለውንም አትስማ። ይህችን ምክር ሰምተው ያገቡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ችግሩ አብሯቸው ገባ፣ አሁን የሚያለቅሱት ሁለት ሆነው ነው።

5. የንስሐ አባት፣ ኢማም፣ ፓስተርስ?

ሂድ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ አፋችንን የምንከፍተው እዚያ ነው፣ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ለንስሐ አባትህ የምትናገረውን ለባለሙያም ተናገር፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ጸበል ልትገባ ብለህ ግን የታዘዘልህን መድኃኒት አታቋርጥ። የሃይማኖት አባትህ “መድኃኒቱን ጣል” ካሉህ በአክብሮት “አባቴ፣ ሁለቱንም ይዤ ልሂድ” በላቸው።

6. ውስጥ ምን ይሆናል?

ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ይበዛዋል፦ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ልጅነት፣ ስለ ድብርት። በልጅነትህ የደረሰብህ ጥቃት ካለ የዚያን ቀን ሁሉንም ማውጣት የለብህም። “አለ፣ ግን ዛሬ አልችልም” ማለት ይበቃል።

በስፋት የሚሠራበት ዘዴ አስተሳሰብና ባህሪን አብሮ የሚያክም የንግግር ሕክምና ነው። በቀላሉ ልንገርህ፦ ከደብተርህ ላይ ሰንሰለቱን ታወጣለህ። ጭቅጭቅ፣ ጫት፣ ብቸኝነት፣ ስልክ፣ ኮከብ። ከዚያ የትኛው ላይ መቁረጥ እንደምትችል ትለማመዳለህ። የመጨረሻው ላይ መቁረጥ ከባድ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ይሻላል። ስልክን ማታ ሳሎን ቻርጅ አድርጎ መኝታ ቤት ባዶ እጅ መግባት የመሰለ ተራ ነገር ሁሉ የሕክምናው አካል ይሆናል። ሐኪሙ ካመነበት የድብርት መድኃኒት ወይም ለሱስ ሕክምና የሚሰጠውን ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ራስህ ከፋርማሲ ገዝተህ አትሞክረው። ለውጡ የወራት ሥራ ነው።

አንድ ጉዳይ በግልጽ መነገር አለበት። ፍላጎቱ ወደ ሕፃናት የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ላይ ጉዳት ልታደርስ እንደምትችል ከተሰማህ ዛሬውኑ ባለሙያ ጋ ሂድ፣ ሕፃናት ካሉበት ቦታም ራቅ። የባለሙያ ሚስጥር ጠባቂነት ሰው አደጋ ላይ ሲሆን ገደብ አለው፣ ሊኖረውም ይገባል።

7. ብቻህን አትሁን

ኤስኤኤ (Sex Addicts Anonymous) የሚባል የወሲብ ሱሰኞች የራስ አገዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ተጀምሮ ዛሬ በስልክና በኢንተርኔት ስብሰባ ያደርጋል። ከመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር የተወሰዱትን 12 ደረጃዎች ይከተላል። ክፍያ የለውም፣ ሙሉ ስም አይጠየቅም። እንግሊዝኛ ከቻልክ ካሜራህን አጥፍተህ ማዳመጥ ብቻ እንኳ ትችላለህ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጃችሁን ወይም የአክስታችሁን ልጅ አታስተርጉሙ፣ እውነቱን አትናገሩም። አረብ አገር አሠሪ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ስልካችሁ ሊታይ ስለሚችል በጽሑፍ ከመላክ በድምፅ መነጋገር ይሻላችኋል።

8. ባለቤትህ

የጤናው ጉዳይ አይቆይም። ያለ ኮንዶም ከሌላ ሰው ጋር ከነበርክ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሄደህ ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት ጠይቅ። ጊዜው ካለፈም ተመርመር፣ ውጤቱን እስክታውቅ ባለቤትህን አደጋ ላይ አትጣል። የቀረውን ታሪክ ግን በአንድ ሌሊት በንዴት ወይም በእንባ ዘርግፈህ አትጣልባት። ከአማካሪህ ጋር ተዘጋጅታችሁ፣ ብትፈቅድ አማካሪው ባለበት ይነገራት። እሷም የራሷ አማካሪ ያስፈልጋታል፣ የአንተ ጠባቂ ልትሆን አይገባም።

9. ሲያገረሽ

ያገረሻል። ወዳጄ በሦስተኛው ወር አገረሸበትና “ምን ፊት ይዤ ልሂድ” ብሎ ቀጠሮ ሊቀር ነበር። አማካሪው ግን የሚፈልገው ያንን ሳምንት ነበር፤ ሰንሰለቱ የት ላይ ሳይቆረጥ እንዳለፈ የሚታየው እዚያ ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን ደብተርህ ላይ ጻፍ፣ ለአንድ የምታምነው ሰው ደውል። መኖር ካስጠላህ፣ ራስህን ለመጉዳት ካሰብክ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በቅርብህ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ብቻህንም አትደር። ከዚያ ውጪ ቀጠሮህ ማክሰኞ ከሆነ፣ ሰኞ ማታ ብትወድቅም ማክሰኞ ጠዋት ሂድ።