ስለ ኮሪያ ዌብቱን ልጆች ስትከራከሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የኮሪያ ዌብቱን፣ ማለትም በስልክ የሚነበብ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ፣ የሚያነቡ ልጆች ሲከራከሩ መስማት ደስ ይለኛል። የ«ትሩ ቢዩቲ»ዋ ጁግዮንግ ከሱሆ ጋር ትሁን ወይስ ከሰጁን፣ ማን ማንን በደለ፣ ማን ይቅርታ ይጠይቅ፤ ክርክሩ ሌሊቱን ሁሉ ይዘልቃል። የሚያናድደኝ ግን አብዛኛው ጠብ ከታሪኩ የመጣ አለመሆኑ ነው። ኮሪያኛው ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ የሚወድቅ ነገር አለ፤ እኛ ደግሞ ያንን እንግሊዝኛ ይዘን በአማርኛ እንጣላለን። የወደቀውን ነገር አማርኛ ብዙ ጊዜ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው የሚቆጨኝ።

በርዕሱ ልጀምር። «ትሩ ቢዩቲ» (እውነተኛ ውበት) ሲነሳ ሁሌም «እውነተኛው ውበቷ የቱ ነው፣ ተቀብታ ነው ወይስ ታጥባ?» የሚል ክርክር ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቨር በሚባለው የኮሪያ ድረ ገጽ ላይ የጀመረው ዌብቱን የኮሪያኛ ርዕሱ «ዮሺን ካንግኒም» ነው፤ የሴት አምላክ ከላይ መውረድ እንደማለት። «እውነተኛ» የሚል ቃል የለበትም። «ዮሺን» ደግሞ የኮሪያ ወጣቶች በጣም የምታምር ሴት ሲያዩ የሚሉት ነው፤ እኛ «መልአክ የመሰለች» እንደምንለው። ቃሉን ሰምታችሁ «ይሄማ ጣዖት ነው» ብላችሁ ማንበብ ያቆማችሁ ካላችሁ ተመለሱ። ርዕሱ የሚናገረው ጁግዮንግ ተቀባብታ አዲሱ ትምህርት ቤት ስትገባ ተሜው እንዴት አፉን ከፍቶ እንደተቀበላት ነው። ስለ ውስጥ ውበት መከራከር መብታችሁ ነው፤ ደራሲዋ በርዕሱ እንዲህ ብላለች ማለት ግን አይቻልም።

ዕድሜ ላይ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ «18 ዓመቴ ነው» ሲል ወዲያው «አዋቂ ነው» አትበሉ። በኮሪያ የቆየው አቆጣጠር ልጅ ሲወለድ 1 ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ልደቱ መቼም ይሁን ጃንዋሪ 1 ሲብት ሁሉም እኩል አንድ ዓመት ይጨምራል። ዲሴምበር 31 የተወለደ ሕፃን በማግስቱ 2 ዓመቱ ነው። ሕጉ ዕድሜ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይሁን ያለው ከጁን 28 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተጻፈ ታሪክ ውስጥ 18 ማለት በእኛ 16 ወይም 17 ነው። የክፍሉም ነገር እንዲሁ ነው። የእነሱ አንደኛ ደረጃ 6 ዓመት፣ መካከለኛው 3፣ ከፍተኛው 3 ስለሆነ «የሃይስኩል 2ኛ ዓመት» ሲባል ከ9ኛ ጀምራችሁ ቆጥራችሁ 10ኛ ክፍል አታድርጉት፤ 11ኛ ነው። 3ኛ ዓመት ማለት የእኛ 12ኛ ክፍል ሲሆን፣ በኖቬምበር «ሱንንግ» የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይጠብቀዋል። በዚያ ቀን የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ሰዓት አውሮፕላን እንኳ አይነሳም፣ አያርፍም። እንዲህ ያለ ፈተና የተደቀነበት ልጅ ስልክ ባያነሳ «ፍቅሩ ቀዘቀዘ» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ቺንጉ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው ሁሌም «ጓደኛ» ተብሎ ይገባል። ኮሪያዎች ግን ቺንጉ የሚሉት በመጀመሪያ እኩያን ነው። በአንድ ዓመት የሚበልጥህ ልጅ የልብ ወዳጅህ ሊሆን ይችላል፤ ቺንጉህ ግን አይደለም፤ «ህዮንግ» (ታላቅ ወንድሜ) ትለዋለህ። አንድ ታናሽ ሳያስበው እንደ እኩያ ሲናገር ታላቁ ፊቱን ቋጥሮ «ኔጋ ኒ ቺንጉያ?» ይለዋል። እንግሊዝኛው «እኔ ጓደኛህ ነኝ?» ብሎ ያሳልፈዋል። በዚች አረፍተ ነገር የተነሳ ስንት ጠብ አይቻለሁ! «ጓደኝነታቸውን ካደ፣ ልቡን ሰበረው፣ ድሮም አስመሳይ ነበር» ተብሎ አንድ ደግ ገጸ ባሕርይ ሲወገዝ ሰንብቷል፤ በእሱ ምክንያት እውነተኞቹ አንባቢዎች ተኮራርፈዋል። ልጁ ያለው ግን «እኩያህ ነኝ እንዴ?» ነው። እናቶቻችን በየቀኑ የሚሉት ነገር! ቁጣ አለበት፤ ክህደት ግን የለበትም። በቀጣዩ ገጽ አብረው ራመን ሲበሉ «እንዴት ታረቁ?» ብላችሁ የምትደነቁት መጀመሪያውኑ ስላልተጣሉ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የንግግር ደረጃ ነው። የአክብሮቱ «ጆንዴንማል» ይባላል፣ የመቀራረቡ «ባንማል»። የታዳጊዎች ፍቅር በዌብቱን ላይ የሚጀምረውም የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ማል ኖዋ» ሲላት፣ ማለትም አታክብሪኝ፣ እንደ እኩያ አናግሪኝ ሲላት፣ እንግሊዝኛው «ዘና ብለሽ አውሪ» ይላል፤ አንባቢው ልጅቷ የፈራች ይመስለዋል። እሷ እሺ ብላ ከዚያም በአክብሮቱ ከቀጠለች በሩን እየዘጋችበት ነው። ተቀራርበው ከቆዩ በኋላ ድንገት ወደ አክብሮቱ ከተመለሰች ደግሞ ተቆጥታለች። እናት ልጇን ስትቆጣ «እርስዎ እኮ ትልቅ ሰው ነዎት» ስትል ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ይገባዋል አይደል? እንግሊዝኛው ግን እዚያም እዚህም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ምንም አያሳያችሁም። እናንተም «ምንም ሳትለው ለምን ደነገጠ?» ትላላችሁ።

ይህን ለመለየት ኮሪያኛ መማር ግድ አይደለም። የታሪኩን የኮሪያኛ ክፍል (ኤፒሶድ) ክፈቱና የንግግር ፊኛዎቹን የመጨረሻ ፊደል እዩ። ክብ፣ ከሥሩ ሁለት አጫጭር ቋሚ ጭረት፣ ጭረቶቹ የቆሙበት አንድ አግድም መስመር፤ ይህ «ዮ» ነው። በአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ካለ አክብሮት አለ። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ባንማል ነው፤ ለመምህር ወይም በክፍል ፊት ሲናገሩ ግን በ«ኒዳ» የሚያልቅ የባሰ ጨዋ አነጋገር ስላለ እሱን አታምታቱ። ሁለት ክፍል ጎን ለጎን አድርጋችሁ «ዮ» የጠፋበትን ፊኛ ስታገኙ ታሪኩ የታጠፈበትን ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው። ይህን ያሳየኋቸው ልጆች ፊት ላይ የማየው ደስታ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ታሪኩን በአማርኛ ስትተርኩት ግን ሁሉንም «እርስዎ» አታድርጉት። 10ኛ ክፍል ያለች ልጅ 11ኛ ክፍል ያለውን «እርስዎ» ስትለው በእኛ ጆሮ አስቂኝ ይሆናል፤ በኮሪያኛው ደግሞ የተለመደ ነው። «ሰንቤ» የሚለውን ሳትነኩ ተዉትና «በአክብሮት ነው የምታናግረው» ብላችሁ እለፉ። ሰንቤነት ደግሞ በዕድሜ ሳይሆን ቀድሞ በመግባት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ሲኒየር» እንደምንለው።

«ኦፓ» ሁሉ ወንድም አይደለም፤ ኦፓ ሁሉ ፍቅረኛም አይደለም። ሴት ልጅ ለታላቅ ወንድሟ፣ ለሚበልጣት ልጅ፣ ለፍቅረኛዋም ትለዋለች፤ ማን እንደሆነ የሚነግራችሁ ሥዕሉ ነው።

«ኡሪ ኦማ» ማለት «እናታችን» ነው ብላችሁ ሁለቱን እህትማማች አታድርጓቸው። እኛም ብቻችንን ቆመን «እኛ ቤት» እንላለን።

ከ«ትሩ ቢዩቲ» የተሠራውን ድራማ አይታችሁ «ሱሆያ»ን ሌላ ስም ያደረጋችሁ ወይም እንደ እኛ «-ዬ» የማቆላመጫ አድርጋችሁ የወሰዳችሁ፦ እኩያን ወይም ታናሽን መጥሪያ ብቻ ነው። ስሙ በተናባቢ ሲያልቅ «አ» ይሆናል፤ «ጁግዮንግ-አ»። ተቆጥቶም ይጠራበታል፤ ስለዚህ «በፍቅር ጠራት» ብላችሁ አትማሉ።

የመጨረሻው ስህተት ከእኛው ከአማርኛ የሚመጣ ነው። የኮሪያኛ ግስ ጾታ አይለይም። ከማይታወቅ ቁጥር መልእክት ሲመጣ ደራሲው ላኪውን ወንድ ይሁን ሴት ሳይናገር ብዙ ክፍል ሊሄድ ይችላል። እናንተ ግን ለጓደኛችሁ ስትተርኩ «አንድ ልጅ ጻፈላት» ትላላችሁ፤ ያኔ ገና ያላነበበው ሰው ከተጠርጣሪዎቹ ግማሹን ይሰርዛል። ላኪው እስኪታወቅ ድረስ «ተጻፈላት» ወይም «መልእክት ደረሳት» በሉ።